ማማለያ ነው የፈለጉት

“አስራ አንድ!” አለ አጎቴ ጌለን ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ። “በአስር ጨዋታ አስራ አንድ ኳስ! በዓመት አስራ አንድ ቀን ብቻ የምትታለብ ላም ብትኖርህ ምን ታደርጋታለህ?”

“ላም አይደለም” አለ አባቴ።

“ታርዳታለህ! ሌላ ምን ታደርጋታለህ?”

“ከርት ላም አይደለም አልኩህ። ተቀባይ ነው።”

“ተቀባይ ከሆነ ይቀበላ! ስሙን እኔ አላወጣሁለት።”

ጠቡ የተጀመረው እኔ ከትምህርት ቤት ሳልመለስ ነው። ስገባ የአጎቴ ቦት ጫማዎች ምድጃው ሥር ቆመው በረዷቸው ቀልጦ እስከ ጠረጴዛው እግር ድረስ ፈሶ ነበር። ይህን ያህል ውሃ ለመፍሰስ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ከሃልቨር ዙሪያ ካሉት እርሻዎች ወተት እየሰበሰበ በቦቴ መኪና ወደ አይብ ፋብሪካው ያመላልሳል። ከልብሱ የማይለቅ የኮመጠጠ ሽታ ነበረው፤ እኔ ግን የወሬ ሽታ ይመስለኝ ነበር፤ ምክንያቱም ጌለን ሲመጣ ሁለቱም አብረው ይመጣሉ።

አባቴ እጁን በደረቱ ላይ አጣጥፎ ተቀምጧል። ክንዱ ላይ ያለው ፀጉር ውስጥ የእንጨት ብናኝ ተሰግስጓል። በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአናጢነት መምህር ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የፉትቦሉ ቡድን ምክትል አሰልጣኝ። በሃልቨር ኳስ ሲባል ሌላ ኳስ የለም፤ ሞላላው፣ በእጅ ተወርውሮ በእጅ የሚያዘው ነው። ወንድሜ ከርት የቡድኑ ተቀባይ ነበር። ሥራው ዳር ዳሩን ሮጦ የተወረወረለትን መያዝ ነው። በዚያ ዓመት የተወረወረለት ግን ጥቂት ነበር።

“አንተ ኳሱን ትቆጥራለህ” አለ አባቴ።

“ታዲያ ምን ልቁጠር? ደመና?”

“እግር ቁጠር። ከርት ሲሮጥ ከኋላው የሚሮጠውን እግር ቁጠር። ሁልጊዜ አራት ነው። ሁለት ተከላካይ! ሁለቱም እሱን ተከትለው ወደ ዳር ሲነዱ መሐሉ ምን ይሆናል?”

“ይሳሳል” አልኩ እኔ፣ ከሒሳብ ደብተሬ ቀና ሳልል። መልሱን መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

“ይኸው! ሕፃኗ እንኳ ገባት።”

“ሕፃኗ ያንተ ልጅ ናት፤ ድምፅ የላትም” አለና አጎቴ ጠቀሰኝ። ከዚያ ወደ አባቴ ጠጋ አለ። “ስማ ኖርብ፣ እኔ ልጁን ጠልቼው አይደለም። ሐሙስ የሚጠይቁህን ነው አስቀድሜ የምጠይቅህ። ስቶፍል ‘ገዛ ልጅህን ለምን አንድ ቀን እንኳ ከሜዳ አላስወጣኸውም?’ ብሎ ይጠይቅሃል። እግር ቁጠሩ ልትለው ነው?”

“አዎ።”

“የጥርስ ሐኪም እኮ እግር አይቆጥርም!”

እናቴ ድንች እየላጠች ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋን ዋጠችው። “ተወው እንግዲህ ጌለን፣ ደክሞታል” አለች። አባቴን ስትመለከት እሷም ደክሟት ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ “ሮክሳን፣ ደብተርሽን ይዘሽ ወደ ላይ።”

ወጣሁ፣ ግን አራተኛው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። የወጥ ቤቱ ድምፅ ከዚያ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ከዚያ በላይ ይደበዝዛል፣ ከዚያ በታች ደግሞ እታያለሁ። አጎቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። ወተት ሲጭን የሰማውን ነገር ይናገራል። የሆነች ሴት ቤት ልታይ መጥታለች፤ ሁለት መታጠቢያ ክፍል ያለው፣ የትምህርት ቤቱ ሜዳ አጠገብ ያለው ቤት። ባለቤቷ የት እንደሚሠራ ሲጠይቋት ‘ገና አልተነገረም’ ብላ ስቃለች። የማን ሚስት እንደሆነች አልገባኝም። የእናቴ ቢላዋ ድንቹ ላይ ቆመ።

“ማማለያ ነው የፈለጉት፣ ኖርብ” አለ አጎቴ። “ከዚያ ሌላ የፈለጉት ነገር የለም።”

አባቴ ኩባያውን ሲያስቀምጥ ሰማሁ።

“ጨረስክ?”

“ጨርሻለሁ።”

“እንግዲያው መንገዱ በረዶ ሳይሠራ ሂድ።”

ማማለያ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ጋራዣችን ውስጥ ሃያ ስድስት ነበሩን። የአባቴ አባት ከዝግባ እንጨት ፈልፍሎ የሠራቸው ዳክዬዎች ናቸው፤ ራሳቸው አረንጓዴ፣ ዓይናቸው ቢጫ ነጥብ፣ ሆዳቸው ሥር የእርሳስ ክብደት። ወንዶቹ በመከር ሐይቁ ላይ ይበትኗቸውና ቄጠማው ውስጥ ይደበቃሉ። በሰማይ የሚያልፉት እውነተኞቹ ዳክዬዎች ዘመድ ያገኙ መስሏቸው ሲወርዱ ይተኮስባቸዋል። አመሻሽ ላይ የሞቱት በአንገታቸው ተንጠልጥለው፣ የእንጨቶቹ ደግሞ በጆንያ ታጭቀው ወደ ቤት ይመጣሉ። አያቴ አንዱን ሳባብል አይቶ “እሱን አታቅፊው፤ ማማለያ አይበላም፣ አይበርም” ብሎኝ ነበር።

የኳስ ሰዎችም ይህንኑ ቃል ይጠቀሙበታል። ኳሱ የማይመጣለት መሆኑ እየታወቀ ተከላካዮችን አታልሎ ለመውሰድ ብቻ የሚሮጥ ተቀባይ ማማለያ ይባላል። አባቴ ራሱ ለከርት ሩጫ ያወጣለት ስም ይኸው ነበር። ስለዚህ በአራተኛው ደረጃ ላይ ተቀምጬ የተረዳሁት ግልጽ ነበር፤ ሐሙስ ዕለት ዶክተር ስቶፍልና ሌሎች ሰዎች ተሰብስበው ወንድሜ እንጨት ነው ብለው ሊወስኑ ነው። አባዬ ብቻውን ሊከራከርለት ይሄዳል።

አስር ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ወር ቀርቶኝ ነበር።

ጉዳዩ ሌላ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ቡድኑን የመራው ሽማግሌ በልቡ ሕመም ምክንያት በኅዳር ሥራውን አስረክቧል። አባቴ ከእነዚያ ዓመታት አስራ ስምንቱን ከጎኑ ቆሟል፤ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላውን ይዞለት ጭምር። አዲስ አሰልጣኝ የሚፈልግ አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው ጥርስ ሐኪሙ ስቶፍል ነበር። የትምህርት ቤቱ ደንብ፣ ሰው ከውጭ ከመቀጠሩ በፊት ከውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው ቀርቦ ይጠየቅ ይላል። አባቴ ያ አንድ ሰው ነበር። አጎቴ ያን ቀን ማማለያ ያለው አባቴን ነው። ይህን የተረዳሁት ጎልምሼ ነው፤ ለዚያውም ማንም ሳይነግረኝ፣ አንድ ቀን መኪና እየነዳሁ፣ ቃሉ ድንገት ወደ ትክክለኛው ሰው ዞሮብኝ።

ሐሙስ ዕለት አባቴ ድንቹ ሳይበስል ተመለሰ።

“ምን አሉህ?” አለች እናቴ።

“አስራ አንድ አሉኝ።”

“እግሩንስ ነገርካቸው?”

“ነገርኳቸው። ዶክተሩ ሰዓቱን አየ።” ከረባቱን ፈትቶ ወንበሩ ጀርባ ላይ አንጠለጠለው። “ጌለን ልክ ሳይሆን አይቀርም። ሰኞ ለአባ ሬይመንድ እደውላለሁ።”

አባ ሬይመንድ የሴንት ኦዲል ትምህርት ቤት ኃላፊ የሆኑ ቄስ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ከእኛ ከተማ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፣ በጎመን እርሻ መሐል። ዋና አሰልጣኝ ሁንልን ብለው አባቴን ለምነው፣ እስከሚቀጥለው ዓርብ መልስ እየጠበቁ ነበር።

“ሃያ ሁለት ልጅ ነው ያላቸው” አለች እናቴ፤ ልታስቀረው ሳይሆን ሐዘኑን ልትለካ።

“ሃያ ሁለት ይበቃል። ሜዳ የሚገባው አስራ አንዱ ነው።” ትንሽ ፈገግ አለ። “ይሄ አስራ አንድ የሚሉት ቁጥር መቼም አይለቀኝም።”

እናቴም ፈገግ አለች። የዚያን ቀን ማታ እራት ጸጥ ያለና ጥሩ ነበር፤ እንደተረቱ ሳይሆን ዕቃ ጭነው እንደጨረሱ ሰዎች ነበሩ። እኔ ግን ከርትን ጥለውት ወደ ጎመን መሐል ሊሸሹ ነው ብዬ አዘንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ጥርሴን ለማስሞላት ቀጠሮ ነበረኝ።

እናቴ መጽሔት ይዛ ከውጭ ቀረች። ዶክተር ስቶፍል ትልቅ ሰው ነበር፤ የእጁ ጀርባ ፀጉራም፣ ትንፋሹ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚል። ወንበሩን በእግሩ እየረገጠ ከፍ አደረገኝና ትንሿን መስታወት አነሳ።

“እሺ ወይዘሪት ሮክሳን፣ ከረሜላው በዛ መሰለኝ?”

“ዶክተር፣ እናንተ ማማለያ እንደምትፈልጉ አጎቴ ነግሮናል” አልኩት። ሌሊቱን ሳጠናው ስላደርኩ ባንድ ትንፋሽ ወጣልኝ።

መስታወቷ አየር ላይ ቀረች።

“ምን አልሽ?”

“ማማለያ ነው የፈለጉት፣ ከዚያ ሌላ የፈለጉት ነገር የለም ብሏል።”

ወደ በሩ ዞሮ አየ። ሄዶ ገርበብ ያለውን በር ገጥሞ ተመለሰ።

“ለማን ነው እንዲህ ያለው?”

“ለአባዬ። እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ።”

“አባትሽስ ምን መለሰለት?”

“‘ጨረስክ?’ አለው።”

ዶክተሩ ክብ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ጆሮዎቹ ቀልተው ነበር። ይህን ያህል ትልቅ ሰው በእኔ ንግግር ሲቀላ አይቼ አላውቅም፤ ድፍረቴ ጨመረ።

“ልክ አይደለም” አልኩት። “እሱ ማማለያ አይደለም። ሰው ሁሉ ኳሱን ብቻ ስለሚያይ ነው። እሱ ባይኖር አንድም ጨዋታ አናሸንፍም ነበር። ሥራውን ይሠራል፣ ሌላው ይጨበጨብለታል፣ እሱ ምንም አይልም። አንድ ቀን እንኳ ሲያማርር ሰምቼው አላውቅም።”

“እውነትሽን ነው” አለ ዶክተሩ፣ እኔን ሳይሆን መስኮቱን እያየ። ከዚያ ለራሱ የሚያወራ ይመስል፣ “ስንት ዓመት ሆነው?” አለ።

“አስራ ስምንት” አልኩ። ከርት በሚያዝያ አስራ ስምንት ይሞላዋል።

“አስራ ስምንት” ብሎ ደገመው። ራሱን ነቀነቀ። “እንደ ማማለያ መታየት አልነበረበትም። ልክ ነሽ። አፍሽን ክፈቺ።”

ሲጨርስ ስጦታ ያለበትን መሳቢያ ሳበልኝ። ሌላ ጊዜ የምንወስደው አንድ የላስቲክ ቀለበት ብቻ ነው። ያን ቀን “የፈለግሽውን ያህል ውሰጂ” አለኝ። ሦስት ወሰድኩ። ጉንጬ ደንዝዞ፣ ምራቄ እየተዝረበረበ፣ እናቴ ጎን መኪናው ውስጥ ስቀመጥ በሕይወቴ አንድ ትልቅ ነገር እንደሠራሁ ይሰማኝ ነበር።

ትልቅ ነገር ሠርቼ ነበር።

ሰኞ አባቴ ከሥራ ገብቶ ጃኬቱን ሳያወልቅ ግድግዳው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። አነሳው። “አዎ ዶክተር” አለ። ከዚያ አዳመጠ። የስልኩን ሽቦ በጣቱ እየጠመጠመ፣ “የጨዋታዎቹን ፊልምም ይዤ ልምጣ?” ብሎ ጠየቀ። ስልኩን ሲዘጋ እጁ እዚያው እጀታው ላይ ቀረ።

“ረቡዕ እንደገና ና አሉኝ” አለ።

እናቴ የሳህን መወልወያውን ጨርቅ አነሳች።

“ሁለተኛ ጠሩኝ እኮ፣ ላቮን! ለይስሙላ የተጠራ ሰው ሁለቴ አይጠራም።”

“ጌለን ግን ያቺ ሴትዮ . . .”

“ጌለን ወተት ይጭናል።”

“የሴንት ኦዲሉስ?”

አባቴ አሁን ጃኬቱን አወለቀ። ማሰቢያ ጊዜ ሲፈልግ እንዲህ ነበር፤ እጁን ሥራ ይሰጠዋል። “ዛሬ እነግራቸዋለሁ” አለ። “ልቤ እዚህ እያለ ሰውየውን እስከ ዓርብ ማቆየት ነውር ነው። እሳቸውም ሰው መፈለግ አለባቸው።”

“እስከ ዓርብ ያሉህ እኮ ራሳቸው ናቸው።”

“እሳቸው ማለታቸው ሌላ፣ እኔ ማወቄ ሌላ።”

እናቴ የሳህን መወልወያውን ጨርቅ በአራት አጠፈችው፤ ዘርግታ እንደገና አጠፈችው። “ይሁን” አለች። በትዳራቸው ዘመን ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንዳለችው አላውቅም። አባቴ ስልኩን አነሳ። አባ ሬይመንድን አመሰገናቸው፣ ይቅርታ ጠየቃቸው፣ የአንድ ጎበዝ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ስምና አድራሻም ሰጣቸው። ዓመት ሳይሞላ ያ መምህር የሴንት ኦዲል ዋና አሰልጣኝ ሆነ፤ ሃያ ዓመትም ቆየ።

እኔ አራተኛው ደረጃ ላይ ነበርኩ። ሁለተኛ የተጠራው በእኔ ምክንያት እንደሆነ ከቤቱ ሁሉ እኔ ብቻ አውቅ ነበር። በዚህ እንኳ አልተሳሳትኩም።

ረቡዕ አባቴ ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ። ከርት የፊልም ማሳያውን መሣሪያ ተሸክሞ ወደ መኪናው ሊወስድ በሩ ላይ ቆመ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የሆነ ነገር የረሳ የሚመስል ልጅ ነበር።

“አባዬ፣ እኔን አታሳያቸው” አለ። “የሌላ ሰው አሳያቸው።”

“ያለኸኝ ማስረጃ አንተ ነህ።”

“ኳስ አልያዝኩም እኮ።”

አባቴ የፊልሙን ቆርቆሮ ክዳን ሲገጥም ቆየ። “አውቃለሁ” አለ። “እኔ ነኝ ያላስያዝኩህ።”

ከርት ትንሽ ጠበቀ፤ የሚቀጥል ነገር ያለ መስሎት ይሆናል። ከዚያ መሣሪያውን ይዞ ወጣ። ያኔ ከርትን ኮሌጅ ሊወስደው የነበረ ሰው አስራ አንድ የሚለውን ቁጥር አይቶ ደብዳቤ መጻፉን እንዳቆመ አላውቅም ነበር። አባቴ ግን ያውቅ ነበር። በአስሩም ጨዋታ፣ ቡድኑ ያሸንፍ ዘንድ፣ የገዛ ልጁን ኳስ በማይመጣበት በኩል ሲያስሮጠው ያውቅ ነበር።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ግማሽ የአፕል ኬክ ይዞ ተመለሰ። የዶክተሩ ሚስት ናት የጋገረችው። ቆሞ በማንኪያ እየቆረሰ፣ አፉ እንደሞላ ያወራል። “ፊልሙን ሁለቴ አስደገሙኝ! ስቶፍል ራሱ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ በጣቱ አሳየ፤ ‘አራት፤ ይኸው አራት እግር!’ አለ። ስወጣ ኮቴን አለበሰኝ። ኮቴን እኮ ነው የምልሽ! ፊልሙም እዚህ ይቆይልን፣ ደግመን እንየው አሉኝ።”

እናቴ አንድ ጉርሻ ቀመሰች። “ቀረፋው ጥሩ ነው” አለች።

በዚያ ሳምንት አባቴ እራት እየበላ የሚመጣውን ዓመት ተጫዋቾች ስም በወረቀት ይጽፍ ነበር። ሲጽፍ ያፏጫል። ማፏጨት እንደሚችል አላውቅም ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ርዕሰ መምህሩ በድምፅ ማጉያ ተናገሩ። የቡድኑ አዲስ አሰልጣኝ ከደቡብ የሚመጣው ዳግላስ ፔልክ ነው፤ የራሱን ረዳቶች ይዞ ይመጣል። ቀጥሎ የሆነውን ከርት የነገረኝ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ከክፍል ወጥቶ ወደ አናጢነት ክፍሉ ሮጠ። እዚያ መጋዙ እየሠራ ስለነበር ማጉያው አይሰማም። አባቴ ተማሪዎቹ መሐል ሳንቃ እየገፋ ነበር። ከርት በሩ ላይ ሲቆም አየው። ሳንቃውን እስከ መጨረሻው ገፍቶ ቆርጦ መጋዙን አጠፋ።

“ሰማሁ” አለው። ሊሰማ አይችልም ነበር።

አዲሱ ሰውዬ የተቀጠረው የገና በዓል ሳይከበር፣ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንኳ ሳይጠራ ነው። ይህን የነገረኝ ስቶፍል ራሱ ነው። እኔ አሁን ሐይቁ ዳር ባለው የአረጋውያን መኖሪያ ነርስ ነኝ። እሱ በሰማንያ ስምንት ዓመቱ እኛ ጋ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእጁን ጥፍር እየቆረጥኩለት፣ “አንቺ የኖርብ ልጅ ነሽ አይደል? ያቺ ደፋሯ?” አለኝ።

“ነኝ።”

“ያን ቀን ወንበሬ ላይ ሆነሽ ስትነግሪኝ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለአራቱም ነገርኳቸው። ሰውየው አውቋል፣ ልጁ እንኳ አውቃለች፣ ነውር ነው፣ ቢያንስ አክብረን እንሸኘው ተባባልን። ኬኩም ለዚያ ነበር።” ለአፍታ አሰበ። “ቅር ብሎት እንዳይቀር ነው ሁለተኛ የጠራነው። አስራ ስምንት ዓመት ቀላል አይደለም።”

የግራ እጁን ጨርሼ ቀኙን ያዝኩ። ‘እሱ’ ያልኩት ወንድሜን እንደነበር አልነገርኩትም። ለአባቴም አልነገርኩትም። ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው፤ እሁድ እሁድ ሾርባ እወስድለታለሁ፤ ስለ አየሩ እናወራለን።

የአዲሱ አሰልጣኝ አቀባበል የተደረገው በየካቲት፣ በጾሙ ሁለተኛ ዓርብ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ነው። በጾሙ ወራት ዓርብ ዓርብ ከተማው በሙሉ እዚያ ነው ዓሣ የሚበላው። ከአስራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሰልፍ ነበር። ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ የተጠበሰ የሐይቅ ዓሣ፣ የጎመን ሰላጣ፣ ጥቁር ዳቦ በቅቤ፣ የሚጮኹ ሕፃናት፣ በየመንጠቆው የተደራረበ እርጥብ ኮት። አባቴ አልቀርም ብሎ ነው የመጣው። “ብቀር አኮረፈ ይሉኛል፣ ብሄድ ዓሣ እበላለሁ” አለ። እኔ፣ እናቴ፣ ከርትና አጎቴ በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀመጥን። አባቴ ጫፉ ላይ፣ በወጥ ቤቱ በር በኩል።

“አንቺ ልጅ፣ አጥንቱን አትዋጪ” ይለኛል አጎቴ። “ባለፈው ዓመት አንዱ ውጦ ስቶፍል ነው በጉጠት ያወጣለት፤ ለጥርስ ማስነቀያ አስከፈለው።”

ማንም አልሳቀለትም።

ዳግላስ ፔልክ ተነሣ። ወጣት ነበር፣ አንገቱ ወፍራም፣ ሲናገር እጁን የት እንደሚያደርግ የማያውቅ። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር፤ ክፉ ሰውም አልነበረም። ስለ ከተማው ደግነት፣ ስለ ዓሣው፣ ሚስቱ ስለወደደችው ቤት ተናገረ።

“ከሁሉ በፊት ያደረግሁት ፊልም ማየት ነው” አለ። “ኮሚቴው ጥሩ ፊልም ሰጠኝ። እዚያ ላይ አስራ አንድ ኳስ ብቻ የያዘ አንድ ልጅ አለ። ቁጥሩን ሳይ አልፌው ነበር። ከዚያ እግሮቹን አየሁ። ሁለት ሰው! በእያንዳንዱ ሩጫ ሁለት ሰው ይከተለዋል! የት አለ? እስቲ ቁም!”

ከርት ግማሽ ድረስ ተነሣ።

“በዚህ ምድብ ከዚህ ልጅ የሚበልጥ ተቀባይ የለም። ሰኔ ላይ ትምህርቱን ጨርሶ የሚሄድ መሆኑ ነው የሚያሳዝነኝ። ማንም ይሁን ማን እንዲህ እንዲሮጥ ያስተማረው፣ እጁ ይባረክ። እኔም ቡድኔን የምሠራው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።”

አዳራሹ አጨበጨበ። እግራቸውን ወለሉ ላይ የመቱም ነበሩ። እኔ አግዳሚው ላይ ቆምኩ። እንጨት ነው ያሉት ወንድሜ በከተማው ሁሉ ፊት ከሁሉ በላይ ሆነ፤ ይህን ሁሉ ያደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ። በዚያ አዳራሽ ከእኔ የበለጠ ደስተኛ አልነበረም። መዳፌ እስኪያቃጥለኝ አጨበጨብኩ። ከርት ቀይ ሆኖ ሳህኑን እያየ ተቀመጠ። አጎቴ ሁለቱንም እጆቹን ጠረጴዛው ላይ እንደዘረጋ ነበር። ከፊት ያለው ጠረጴዛ ላይ ዶክተር ስቶፍል ዳቦ ላይ ቅቤ ይቀባል፤ ቁራጩ ትንሽ ነበር፣ መቀባቱ ግን አላልቅ አለው። እናቴ ቀሚሴን ይዛ ወደ ታች ሳበችኝ፤ “ቁጭ በይ።”

አባቴ ሌሎቹ እያጨበጨቡ እሱም አጨበጨበ። ሦስት ወይም አራት ጊዜ። ከዚያ የወረቀት መሐረቡን አጥፎ ሳህኑ ሥር አደረገው፣ ሹካውን አስተካከለ፣ ተነሣ። ከተደራረቡት ኮቶች ሥር የራሱን ፈልጎ ሳበ። የላይኞቹ እንዳይወድቁ በአንድ እጁ ደግፏቸው ነበር። ቆሻሻ ሳህን የተሸከመች ሴት መጣች፤ በሩን ያዘላት፤ ካለፈች በኋላ በወጥ ቤቱ በኩል ወደ ውጭ ወጣ።

መኪናውን ሊያሞቅልን የሄደ መሰለኝ።

ፔልክ ስለሚመጣው የውድድር ዓመት መናገር ጀመረ። በሩ አጠገብ የተቀመጠች ሴት ብርዱ ትከሻዋን ሲነካት ሳትዞር ሹራቧን ሰብሰብ አደረገችና የድንቹን ሳህን ወደ እኛ አሳለፈችው።